ቁጥሩ ከስንት? የጤና ቀውስ ዜናና የሕዝብ የስታቲስቲክስ ግንዛቤ

በጤና ቀውስ ወቅት ሕዝብ ስለ በሽታው የሚያውቀው በአብዛኛው ከቁጥር ነው። ቫይረስ በዐይን አይታይም፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሆነውን የሚያይም ጥቂት ነው። ወደየቤቱ የሚገባው ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንት ሞተ፣ ክትባቱ ስንት በመቶ ይከላከላል የሚለው ዜና ነው። ሰው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ገበያ ይወጣል ወይም ይቀራል፤ ልቅሶ ይደርሳል ወይም በስልክ ያጽናናል፤ ልጁን ያስከትባል ወይም ያቆያል። ስለዚህ ቁጥርን አስተካክሎ መረዳት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ተማሪዎች ክፍልፋይ ሲማሩ ከመስመሩ በላይ ያለውን ቁጥር ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ታኅት ይሉታል። የጤና ዜና አዘውትሮ የሚያቀርበው ላዕሉን ነው፤ የተያዙትን፣ የሞቱትን፣ ጉዳት የደረሰባቸውን። ታኅቱ፣ ማለትም ይህ ሁሉ የደረሰው ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ያለፉት ወረርሽኞችና በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲመረመሩ አብዛኛው የተሳሳተ ግንዛቤ ከዚህ ጉድለት የሚነሳ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች ዋና ዋናዎቹ በተራ ይታያሉ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ወሮቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቆጠራው ከየት ተነሣ

በሽታን በቁጥር ለሕዝብ ማሳወቅ የቆየ ልማድ ነው። የለንደን ከተማ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየሳምንቱ የሟቾች ዝርዝር ታሳትም ነበር። በ1665 ቸነፈር ይህ ዝርዝር 68,596 ሰው በወረርሽኙ መሞቱን መዝግቧል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ትክክለኛው ቁጥር ወደ 100 ሺህ እንደሚጠጋ ይገምታሉ። ቸነፈር የገባበት ቤት ከነነዋሪዎቹ ይታሸግ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ የሟቹን በሽታ ይደብቅ ነበር። ከዚህ ቸነፈር ቀደም ብሎ ጆን ግራንት የተባለ ነጋዴ በ1662 የከተማዋን የሟቾች ዝርዝሮች መርምሮ ባሳተመው መጽሐፍ የሞት ምክንያት አመዘጋገቡ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ጠይቋል። የሕዝብ ጤና ስታቲስቲክስ ገና ሲጀመር የቁጥሩን አመጣጥ መመርመር አብሮ ተጀምሯል ማለት ነው።

ኢትዮጵያም የራሷ ትዝታ አላት። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ይታወሳል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ልማድም ከእርሱ ጋር ይያያዛል። በከተማዋ የሞተው ሰው በሺዎች እንደሚቆጠር ይነገራል። ይህ ግን ግምት ነው፤ በዚያን ጊዜ በከተማዋ የሚኖረውን ሰው በሥርዓት የቆጠረ አልነበረም፤ የሞተውንም እንዲሁ። ላዕሉም ታኅቱም ግምት በሆነበት ጊዜ ከመቶ ስንት እንደሞተ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

የተገኘና የተያዘ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ ጀምሮ በወቅቱ የጤና ሚኒስትር በነበሩት በዶክተር ሊያ ታደሰ ስም የሚወጣው ዕለታዊ መግለጫ የብዙ ቤተሰብ የማታ ወሬ ሆነ። መግለጫው በ24 ሰዓታት ውስጥ የተደረገውን የላብራቶሪ ምርመራ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸውን፣ በጽኑ የታመሙትን፣ ያገገሙትንና ሕይወታቸው ያለፈውን ይዘረዝር ነበር። ታኅቱ፣ የተመረመረው ሰው ብዛት፣ እዚያው መግለጫው ላይ አለ። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የሚቀረው ግን እርሱ ነበር፤ «ዛሬ ይህን ያህል ተያዘ» ብቻ ይባላል።

ልዩነቱን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ቀን 5,000 ሰው ተመርምሮ 500 ሰው ቫይረሱ ተገኘበት እንበል። በሌላ ቀን 20,000 ሰው ተመርምሮ 800 ሰው ተገኘበት። ሁለተኛው ቀን «ከፍተኛው ቁጥር ተመዘገበ» የሚል ዜና ያወጣል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ከተመረመሩት 10 በመቶው፣ በሁለተኛው 4 በመቶው ብቻ ናቸው ቫይረሱ የተገኘባቸው። ኢትዮጵያ በነሐሴ 2020 ሰፊ የምርመራ ዘመቻ ስታካሂድ በየዕለቱ የሚገኘው ሰው ቁጥር መጨመሩም በዚህ ዐይን መታየት ነበረበት። የጭማሪው ምን ያህሉ ከበሽታው መስፋፋት፣ ምን ያህሉ ከምርመራው መብዛት እንደመጣ መለየት የሚቻለው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው።

«የተገኘባቸው» እና «የተያዙ» የሚሉት ቃላትም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በምርመራ የታወቁትን ሲያመለክት ሁለተኛው ያልተመረመሩትንም ይጨምራል። የሚኒስቴሩ መግለጫ የመጀመሪያውን ቃል መምረጡ ትክክል ነበር። ዜናው ቃሉን ለውጦ ሲያቀርበው ግን የምርመራው ወሰን የበሽታው ወሰን መስሎ ይታያል።

ጠቅላላ ድምርም ሌላ መሳሳቻ ነው። ከወረርሽኙ መነሻ ጀምሮ የተገኙት ሲደመሩ ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ በሽታው እየበረደ ባለበት ሳምንትም ድምሩ ይወጣል። ሪፖርት የተደረገበት ቀንና ሰው የታመመበት ቀንም ይለያያሉ። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ 2020 የደረሰበት ችግር ይህን በግልጽ ያሳያል። የላብራቶሪ ውጤቶችን ለማስተላለፍ የተጠቀመበት አሮጌ የኤክሴል ፋይል ከ65 ሺህ ጥቂት በሚበልጥ ረድፍ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሳይመዘገብ ይቀራል። በስምንት ቀን ውስጥ 15,841 ሰዎች ከቆጠራው ወጡ። ስሕተቱ ሲታረም የዕለቱ ቁጥር ቅዳሜ 12,872፣ እሑድ 22,961 ሆነ። ዕለታዊውን ቁጥር ብቻ የተከታተለ ሰው በሽታው በአንድ ሌሊት እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ይመስለዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ያመለጡት ሰዎች የቅርብ ንክኪዎች ሳይነገራቸው መቆየታቸው ነው።

ከመቶ ስንት ይሞታል

የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም መጋቢት 3 ቀን 2020 በሰጡት መግለጫ በዓለም ዙሪያ በበሽታው መያዛቸው ሪፖርት ከተደረጉት ሰዎች 3.4 በመቶው መሞታቸውን ተናገሩ። በማግሥቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በቴሌቪዥን ቀርበው ቁጥሩን ሐሰት አሉት። ለብዙ ሰው ክርክሩ «ማንን እንመን?» የሚል ሆነ። ጥያቄው ግን ስለ ታኅቱ ነበር። ዳይሬክተሩ የተናገሩት ሪፖርት ከተደረጉት መካከል የሞቱትን ነው፤ በዚያ ቀን በነበረው መረጃ ስሌቱ ትክክል ነበር። ሳይመረመሩ በቀላሉ ታመው የዳኑት ቢጨመሩ ታኅቱ ይሰፋል፣ መቶኛውም ይወርዳል። በሌላ በኩል በዚያች ቀን በሆስፒታል ተኝተው ከነበሩት መካከል በኋላ የሚሞቱት በላዕሉ ላይ ገና አልገቡም፤ ይህ ደግሞ መቶኛውን ወደ ላይ ይስበዋል።

በዚያን ጊዜ ታኅቱ በደንብ የታወቀበት ስፍራ በጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ተለይታ የቆመችው ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ ነበረች። ከተሳፈሩት 3,711 ሰዎች 712ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው፤ የሞቱት ከ15 አይበልጡም። ምልክት ሳይታይባቸው የተመረመሩት ብዙዎች ስለነበሩ የተገኘው መቶኛ ከ3.4 ያነሰ ሆነ። ይህም ቢሆን ለዓለም ሁሉ አይሠራም፤ ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። በኋላ በየአገሩ የተደረጉ የደም ናሙና ጥናቶች ለሞት የመጋለጥ መጠን በዕድሜ እጅግ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ስለዚህ «የበሽታው የሞት መጠን» ተብሎ ለሃያ ዓመት ወጣትና ለሰማንያ ዓመት አዛውንት አንድ ላይ የሚነገር ቁጥር ለሁለቱም የራሳቸውን ሁኔታ አይነግራቸውም።

እጥፍ የሆነው ምንድን ነው

በስታቲስቲክስ አዘጋገብ ላይ የሚደረግ ምርምር አዘውትሮ የሚጠቅሰው አንድ ታሪክ በጥቅምት 1995 በብሪታንያ የደረሰው ነው። የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴው አዳዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ዜናው «መቶ በመቶ ጨመረ» እያለ ተሠራጨ። ከጀርባው ያለው ቁጥር ይህ ነበር፦ የቀደመውን እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች አንዷ የደም መርጋት ያጋጥማታል፤ አዲሱን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ደግሞ ሁለቱ። አንጻራዊው ጭማሪ መቶ በመቶ ነው፤ ፍጹማዊው ጭማሪ ከ7,000 አንድ ነው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ እንደተከተለ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ የደም መርጋትን አደጋ እንክብሉ ከሚጨምረው በላይ ይጨምራል። ሰዎቹ የሸሹት ከትንሹ አደጋ፣ የወደቁት በትልቁ ነበር።

ተመሳሳይ ጥያቄ በ2021 በአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት ላይ ተነሣ። ኢትዮጵያ ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ ጥምረት በኩል ያገኘችው 2.184 ሚሊዮን ክትባት አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ መሰጠት በጀመረበት ሰሞን ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስፔን የደም መርጋት ሪፖርቶችን ምክንያት አድርገው ይህንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። ኩባንያው በዚያ ሳምንት በአውሮፓ ኅብረትና በብሪታንያ ከተከተቡት ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰዎች 37 የደም መርጋት ሪፖርቶች እንደደረሱት ገለጸ። ዜናው 37ቱን ይዞ በዓለም ሲዞር 17 ሚሊዮኑ ከኋላ ቀረ፤ ያለ ክትባትም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስንት ሰው የደም መርጋት ያጋጥመው እንደነበር ደግሞ ብዙም አልተነሣም።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል እኩል ክብደት አለው። ተቆጣጣሪዎች ምርመራውን ሲቀጥሉ ደም እንዲረጋ ከሚያግዙት ከፕሌትሌት ሕዋሳት ማነስ ጋር የሚመጣ ልዩ ዓይነት የደም መርጋት በእርግጥ ከክትባቱ ጋር እንደሚያያዝ ተረጋገጠ። እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም በወጣቶች ላይ ከፍ ይላል፤ ብሪታንያም ከ30 ዓመት በታች ላሉት ሌላ ክትባት እንዲቀርብ በሚያዝያ 2021 መከረች። ታኅቱን የሚጠይቅ ሰው ሥጋትን ሁሉ ያጣጥላል ማለት አይደለም። ትንሹን አደጋ በልኩ ያያል፤ አደጋው ለማን ትልቅ እንደሆነም ይለያል።

95 በመቶና 60 በመቶ

በታኅሣሥ 2020 የታተመው የፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባት ጥናት 95 በመቶ ውጤታማነት አሳየ። ይህን ብዙ ሰው «ከተከተቡት መቶ ሰዎች አምስቱ ይታመማሉ» ብሎ ተረዳው። ትርጉሙ ሌላ ነው። ከ43,000 በላይ ሰዎች በሁለት እኩል ቡድን ተከፈሉ። ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው የማስመሰያ መርፌ ወሰዱ። በክትትሉ ጊዜ 170 ሰዎች በኮቪድ ታመሙ፤ 162ቱ ማስመሰያውን ከወሰዱት፣ 8ቱ ከተከተቡት ወገን ነበሩ። 8 ከ162 ወደ 5 በመቶ ስለሚጠጋ ክትባቱ በሽታውን በ95 በመቶ ቀነሰ ተባለ። በሁለቱም ቡድን የታመሙት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም፤ ክትትሉ የጥቂት ወራት ነበርና። ቁጥሩ የሚያወዳድረው ሁለት ቡድኖችን ነው እንጂ አንድ የተከተበ ሰው በሕይወት ዘመኑ የሚያጋጥመውን አይናገርም።

ከዚህ የበለጠ ብዙ ሰው ያሳሳተው በነሐሴ 2021 ከእስራኤል የተሰማው ዜና ነው። በአገሪቱ በኮቪድ በጽኑ ታመው ሆስፒታል ከተኙት ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት ሙሉ በሙሉ የተከተቡ ናቸው ተባለ። ክትባቱ አይሠራም የሚሉ ወገኖች ቁጥሩን በብዙ አገር አሰራጩት። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር የሆኑት ጄፍሪ ሞሪስ የእስራኤል ጤና ሚኒስቴርን የነሐሴ 15 መረጃ ወስደው ደረጃ በደረጃ ተነተኑት።

በዚያን ቀን በጽኑ የታመሙት 515 ነበሩ፤ 301 የተከተቡ፣ 214 ያልተከተቡ። ላዕሉ ብቻ ሲታይ የተከተቡት ይበዛሉ። ነገር ግን ከ12 ዓመት በላይ ካለው ሕዝብ የተከተበው ወደ 5.6 ሚሊዮን፣ ያልተከተበው ወደ 1.3 ሚሊዮን ነበር። ሁሉም ሰው በተከተበበት አገር ሆስፒታል የሚገባው ሁሉ የተከተበ ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ስለ ክትባቱ የሚናገረው የለም። ከ100 ሺህ ሰው ሲሰላ በጽኑ የታመመው ካልተከተቡት 16.4፣ ከተከተቡት 5.3 ሆነ። ይህ ወደ 67.5 በመቶ መከላከያ ይሰጣል።

ትንተናው እዚህ አልቆመም። በእስራኤል በብዛት የተከተቡት በዕድሜ የገፉት ናቸው፤ በዕድሜ የገፉት ደግሞ ተከተቡም አልተከተቡ ከወጣቶች ይልቅ በጽኑ ይታመማሉ። ከ50 ዓመት በላይ ያሉት ለብቻቸው ሲታዩ ካልተከተቡት ከ100 ሺህ 91.9፣ ከተከተቡት 13.6 በጽኑ ታመዋል፤ መከላከያው 85.2 በመቶ ይሆናል። ከ50 ዓመት በታች 3.9 እና 0.3 ነው፤ መከላከያው 91.8 በመቶ። በሁለቱም የዕድሜ ክልል ከ85 በመቶ በላይ የሆነው መከላከያ ዕድሜ ሳይለይ በአንድ ላይ ሲደመር 67.5 መሰለ። ባለሙያዎች ይህን የሲምፕሰን ተቃርኖ ይሉታል። አንድ እውነተኛ ቁጥር ታኅቱና ዕድሜው ሲለዩለት ሙሉ በሙሉ ሌላ ትርጉም እንደሚይዝ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ትንበያና ማስጠንቀቂያ

በመስከረም 2014 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ኢቦላ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ምንም ተጨማሪ እርምጃ ካልተወሰደ እስከ ጥር 2015 ድረስ 550 ሺህ፣ ሪፖርት ያልተደረጉት ሲጨመሩ እስከ 1.4 ሚሊዮን ሰው ሊይዝ እንደሚችል አሰላ። ወረርሽኙ ሲያበቃ በምዕራብ አፍሪካ በጠቅላላው የተያዙት ወደ 28,600፣ የሞቱት ወደ 11,300 ሆኑ። ብዙ ሰው ባለሙያዎቹ አጋነው አስፈራሩ አለ። በመጋቢት 2020 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ምንም ካልተደረገ በታላቋ ብሪታንያ 510 ሺህ ሰው ሊሞት ይችላል ባለ ጊዜም ተመሳሳይ ወቀሳ ተከተለ።

ሁለቱም ስሌቶች «ምንም ካልተደረገ» በሚል ቅድመ ሁኔታ የተሠሩ ነበሩ። ርዕሰ ዜናው ቅድመ ሁኔታውን ሲጥለው ማስጠንቀቂያው ትንቢት ይሆናል። ሰው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ እጁን ሲታጠብ፣ የለቅሶና የቀብር ልማዱን ሲለውጥ፣ የሕክምና ማዕከላት ሲከፈቱ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የተሳካው ጥረት የተሳሳተ ትንበያ ተብሎ ይቆጠራል። ሞዴሎች ራሳቸው የሚሳሳቱበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ስሕተታቸውን መመዘን የሚቻለው ግን መነሻ ግምታቸውና የግምት ወሰናቸው አብሮ ሲነገር ነው።

ያልተቆጠሩት

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2022 ባወጣው ግምት በ2020 እና በ2021 ከኮቪድ ጋር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የተያያዘው ተጨማሪ ሞት 14.9 ሚሊዮን ነው። አገሮች በኮቪድ ሞቱ ብለው ሪፖርት ያደረጉት ግን 5.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። ተጨማሪ ሞት የሚባለው በዚያ ጊዜ ከሞተው ሰው በመደበኛ ዓመት ይሞታል ተብሎ የሚጠበቀው ሲቀነስ የሚገኘው ነው። ሕንድ አሠራሩን አጥብቃ ተቃወመች፤ ለእርሷ የተሰጠው ግምት 4.7 ሚሊዮን፣ ራሷ ያሳወቀችው ግማሽ ሚሊዮን የማይሞላ ነበርና።

የሞት ምዝገባ በተሟላበት አገር ተጨማሪ ሞትን ማስላት ቀላል ነው። ምዝገባው ባልተሟላበት አገር ቁጥሩ በሞዴል ይሞላል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው አሁንም በቤቱ አርፎ፣ በእድሩ ታጅቦ፣ በአጥቢያው ተቀብሮ ሞቱ በመንግሥት መዝገብ ሳይሰፍር ይቀራል። «ሪፖርት የተደረገ ሞት ጥቂት ነው» እና «የሞተው ጥቂት ነው» የሚሉት ሁለት አባባሎች በእንዲህ ያለ አገር በጣም ይራራቃሉ።

ክፍተቱን በብልሃት መሙላት እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች፣ በቤተ ክርስቲያንም በሙስሊም መቃብርም፣ የሚፈጸመውን ቀብር እያስመዘገቡ የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታና ቤተሰቡ የሚናገረውን የሞት ምክንያት አሰባስበዋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በከተማዋ የጎልማሶች የኤድስ ሞት መቀነሱ በዚህ መንገድ ታይቷል። መረጃው የተገኘው የሞተ ሰው ሁሉ ከሚያልፍበት ቦታ ነበርና ታኅቱ አልጎደለም።

ኤችአይቪ ሌላም ትምህርት ትቷል። በኢትዮጵያ የሥርጭቱ ግምት ለረጅም ጊዜ የሚሠራው በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ እናቶች ደም ላይ ተመሥርቶ ነበር። በዚህ መንገድ የ2005 ግምት ከአዋቂው ሕዝብ 3.5 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት ቤት ለቤት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን 1.4 በመቶ አገኘ። ጤና ጣቢያዎቹ ወደ ከተማና ወደ ዋና መንገድ የቀረቡ ስለነበሩ የገጠሩን ሕዝብ በልኩ አይወክሉም። ቤት ለቤት በሚደረግ ጥናት ደግሞ ለመመርመር ፈቃደኛ ያልሆኑ ሰዎች ይቀራሉ። በ2007 የዓለም ጠቅላላ ግምትም ከ39.5 ሚሊዮን ወደ 33.2 ሚሊዮን ሲወርድ ዋናው ምክንያት በሕንድና በሌሎች አገሮች የመረጃው መሻሻል ነበር። ዝቅ ያለውን ቁጥር «በሽታው ቀነሰ» ብሎ ያነበበ ሰው የመለኪያውን ለውጥ የበሽታው ለውጥ አድርጎ ወሰደው።

ችግሩ የአንባቢ ብቻ ነውን?

ቁጥርን መሳት የተማረም ያልተማረም ሰው ጉዳይ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገሬንዘር 160 የማህፀን ሐኪሞችን ስለ ጡት ካንሰር ምርመራ ጠየቋቸው። በሽታው ከመቶ አንዷን ይይዛል፤ ምርመራው ካለባቸው 90 በመቶውን ያገኛል፤ ከሌለባቸውም 9 በመቶውን በስሕተት «አለብሽ» ይላል። ውጤቷ «አለ» የተባለች ሴት በእርግጥ ካንሰር ያለባት መሆኑ ምን ያህል ነው? በትክክል የመለሱት 21 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋ መልስ ሰጡ።

ይኸው ጥያቄ በሰው ቁጥር ሲቀርብ መልሱ ይታያል። 1,000 ሴቶች ቢመረመሩ 10 በሽታው አለባቸው፤ ከእነርሱ 9ኙ ይገኛሉ። ከቀሩት 990 ጤነኞች ደግሞ ወደ 89ኙ በስሕተት «አለ» ይባላሉ። «አለ» ከተባሉት 98 ሴቶች በእርግጥ የታመሙት 9 ናቸው፤ ከአሥር አንዷ እንደማለት ነው። ሐኪሞቹ አጭር ሥልጠና ወስደው በዚህ መንገድ ሲያሰሉ በትክክል የመለሱት 87 በመቶ ደረሱ። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የቁጥሩ አቀራረብ ነው።

በሥዕል የሚቀርብ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ብዙ ጋዜጦች የኮቪድን ሥርጭት በሎጋሪዝም ሚዛን በተሳለ ግራፍ አቀረቡ፤ በዚህ ሚዛን ከ10 ወደ 100 እና ከ100 ወደ 1,000 ያለው ርቀት እኩል ነው። በ2020 በአሜሪካውያን ላይ የተደረገ ጥናት በተለመደው ግራፍ አንድ ቀላል ጥያቄ ከመቶ 84ቱ ሲመልሱ፣ በሎጋሪዝም ግራፍ ይኸው ጥያቄ የተመለሰው በ41 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

ቋንቋም ድርሻ አለው። በአማርኛ «ዕድል» የሚለው ቃል የሰውን ዕጣና መልካም አጋጣሚን አጣምሮ ይይዛል፤ «የመሞት ዕድል» ሲባል ስሌቱ የታዘዘ ነገር ይመስላል። «በሦስት እጥፍ ጨመረ» ሲባል አንዱ ከ10 ወደ 30፣ ሌላው ከ10 ወደ 40 ብሎ ይሰማል። ከ2 በመቶ ወደ 3 በመቶ የወጣ ነገር «በአንድ በመቶ ጨመረ» ይባላል፤ ሌላው ዘጋቢ ይኸንኑ «በ50 በመቶ ጨመረ» ይለዋል። የውጭ ዜና ሲተረጎም የአውሮፓ ወርና የኢትዮጵያ ወር ይቀላቀላሉ፤ መረጃው ያረጀ ወይም ገና ያልደረሰ መስሎ ይታያል። እነዚህን ሁሉ የሚያስተካክለው አጭር መፍትሔ ሁለቱን ቁጥር ሙሉ በሙሉ መጻፍ ነው፦ ከ100 ሰው 2 የነበረው 3 ሆነ።

ምን ይሻላል?

ከጥናቶቹና ከታሪኩ የሚወጣው ምክር ጥቂትና ቀላል ነው። አንደኛ፣ አንጻራዊ ለውጥ ብቻውን አይነገር፤ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ አብሮ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ በሰው ቁጥርና በአንድ ዓይነት ታኅት ይነገር፤ አንዱን አደጋ ከ1,000፣ ሌላውን ከ7,000 እያሉ ማወዳደር ሰውን ያደናግራል። ሦስተኛ፣ የዕለቱ ቁጥር ከሳምንቱ አማካይና ከምርመራው ብዛት ጋር ይውጣ። አራተኛ፣ የግምት ወሰኑ አይደበቅ። ጋዜጠኞችም ባለሥልጣናትም «እርግጠኛ አይደለንም» ማለት አመኔታ ያሳጣል ብለው ይፈራሉ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተደረጉ ሙከራዎች ግን ወሰኑ በቁጥር ሲነገር አመኔታ የሚቀንሰው እጅግ በጥቂቱ መሆኑን አሳይተዋል። አመኔታን የሚያሳጣው ዛሬ በእርግጠኝነት የተነገረው ነገ ያለ ማብራሪያ ሲለወጥ ነው።

ሸክሙን ሁሉ በአንባቢው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ታኅቱን የያዘው መግለጫውን የሚያወጣው ተቋም ነው፤ ከዜናው እንዳይወድቅ መጠበቅ የሚችለውም አዘጋጁ ነው። ተቋሙ ቁጥሩን ከእነ አቆጣጠሩ የመስጠት፣ ዜና ክፍሉ ደግሞ ቁጥር የሚያነብ ሰው የማሠልጠን ግዴታ አለባቸው። ይህ ሲሟላ አንባቢውም የራሱን ድርሻ ይወጣል። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ፤ የጤና ቁጥርም ሥር አለው፣ ከመስመሩ በታች የሚጻፈው። ቀጣዩ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም፤ ቁጥሩም አብሮ ይመጣል። ያን ቁጥር የሰማ ሰው ለሌላ ከማስተላለፉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ ከስንት? በየትኛው ጊዜ? ማን ተቆጠረ፣ ማንስ ቀረ? ከምን ጋር ሲወዳደር?